ለቡቺ ያወጣነው ገንዘብ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዓመቱ የሒሳብ ሪፖርት ቀደም ብሎ ተነቧል። በሪፖርቱ ውስጥ የሌለ፣ ብዙዎቻችሁ ግን በየመንገዱ ስትጠይቁን የከረማችሁት አንድ ጉዳይ አለ፤ የግቢያችን ውሻ የቡቺ ሕክምና ነው። «ማኅበሩ ለውሻ ካንሰር ገንዘብ አወጣ» የሚል ወሬ ስለተሰማ፣ የሆነውን ከመጀመሪያው እንናገር።

ቡቺን ማንም አላመጣትም። ገና ቡችላ ሳለች፣ በርበሬ ስናሰጣ ከአጥር ሥር ተኝታ አገኘናት፤ ትራፊ ሰጠናት፤ በዚያው ቀረች። መጋዘናችንን ሌሊት ከዘበኛችን ከጋሼ ጋር የምትጠብቀው እሷ ናት። አንድ ክረምት ሌቦች ቆርቆሮውን ሲፈለቅቁ ሰፈሩን በጩኸት የቀሰቀሰችውም እሷ ነበረች። ባልትናው ከሚዘጋጅበት ክፍል ግን ገብታ አታውቅም።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ከኋላዋ ደም ይንጠባጠብ ጀመር። ሴት ውሻ ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ደም ታያለችና «ጊዜዋ ነው» ብለን ተውናት። ያ ደም ግን ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይቆማል፤ የቡቺ አልቆመም። ጋሼ «ይቺ ውሻ ታማለች» ብለው ሁለት ጊዜ ነግረውናል፤ ሁለት ጊዜም ሰምተን አልፈናል። ለፋሲካ ግቢ ስናጸዳ ጅራቷን አንስተን ብናይ፣ እንደ አበባ ጎመን የተንዠረገገ ቀይ ሥጋ ወጥቶ አየን። መዘግየቱ የእኛ ጥፋት ነው።

ጎረቤት «መርዝ አብሏትና ተገላገሉ» አለን። እኛ ግን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሙ ከእጢው ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ካየ በኋላ «ካንሰር ነው» ሲለን ሦስታችንም ዝም አልን። ይህ ቃል በየቤታችን ያደረሰውን እናውቃለን። አንዷ እህታችን «በቃ፣ ሳትሰቃይ አሳርፏት» አለች። ሐኪሙም «የትኛው ካንሰር እንደሆነ ሳትጠይቁኝ?» አለን። ዛሬ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ይህን ጥያቄ ያዙልን።

የቡቺ ካንሰር ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በግንኙነት ይተላለፋል፤ ሲላላሱና ሲሻተቱም አፍና አፍንጫ ላይ ሊወጣ ይችላል። የሚያስገርመው፣ የሚተላለፈው ተሕዋስ አይደለም፤ የካንሰሩ ሕዋሳት ራሳቸው ናቸው። ከሺህ ዓመታት በፊት በአንድ ውሻ ላይ የጀመረው እጢ እስከ ዛሬ ከውሻ ውሻ እየተሻገረ ይኖራል። ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። ብዙ ውሾች በየመንገዱ ልቅ ሆነው በሚኖሩበት አገር በብዛት ይታያል። ከሁሉም በላይ፣ ከታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

መድኃኒቱ ቪንክሪስቲን ይባላል። በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። የሕፃናትን የደም ካንሰር ለማከምም ይውላል፤ መጀመሪያ የተገኘው ከማዳጋስካር አበባ ነው። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ያቃጥላል፤ ስለዚህ በቤት የሚሞከር አይደለም።

ገንዘቡ ጋ ስንደርስ ስብሰባ ጠራን። አንዲት እናት ተነሥታ «የልጄን ደብተር በዱቤ ገዝቼ ለውሻ መርፌ ልከፍል ነው?» አለች። ልንቆጣት አልቻልንም፤ እውነቷን ነበር። ስለዚህ ከቁጠባችንም ሆነ ከደጋፊዎች ገንዘብ አንድ ሳንቲም እንዳይነካ ወሰንን። የፈቀደች ብቻ እንድታዋጣ የተለየ ሣጥን ተከፈተ። 24 ሴቶች እያንዳንዳቸው 200 ብር ሰጡ፤ 4,800 ብር ሆነ። ለምርመራና ለ5 መርፌ 4,350 ብር ወጣ። የተረፈው 450 ብር ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ተቀምጧል። ደረሰኙ ሁሉ በፋይል አለ፤ ማየት የምትፈልግ ትይ።

ሕክምናው ቀላል አልነበረም። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ አስመለሳት፤ ምግብም እምቢ አለች። ያቺ የተቃወመችው እናት ገንዘብ አላዋጣችም፤ የአጥንት መረቅ ይዛ የመጣችው ግን እሷ ነበረች። ከየመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ሽንቷንና ዓይነ ምድሯን በጓንት እናጸዳ ነበር፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እህቶቻችን እንዳይጠጓትም ከልክለናል፤ መድኃኒቱ በዚያ ይወጣልና። እጢው በየሳምንቱ እየሟሸሸ ሄዶ፣ ከአምስተኛው በኋላ ሐኪሙ ፈልጎ አጣው።

ሁሉም እንዲህ አያልቅም። የአንዲት አባላችን ትልቅ ውሻ ማነከስ ጀመረ፤ «ወለምታ ነው» ተብሎ ሁለት ወር ታሸ። የአጥንት ካንሰር ነበር፤ ራጅ ሲነሣ ሳንባው ደርሷል። እህታችን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ታደርግ ጀመር፤ በልቶ ጅራቱን የቆላበትን ቀን በአንድ ቀለም፣ ሲያቃስት የዋለበትን በሌላ። ክፉዎቹ ቀናት ሲበዙ ሐኪሙ በመርፌ አሳረፈላት። ለልጆቿ «ጠፋ» አላለቻቸውም፤ «ታሞ ነበር፣ ሞተ» ብላ አብራቸው አለቀሰች። በውሻ ማልቀስ ነውር ነው የሚላት ቢኖርም፣ እኛ ቡና አፍልተን አብረናት አምሽተናል።

እንግዲህ ውሻ ያላችሁ፣ የሚያድግ እብጠት፣ የማይድን ቁስል፣ የማይቆም ደም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ወይም ማነከስ ስታዩ አትጠብቁ። የጡቷንም እብጠት ዳስሱ፤ ገና ትንሽ ሳለ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይሻላል። ለሰው የተገዛ የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ፤ ኢቡፕሮፌን ውሻን ክፉኛ ይጎዳል። ከተቻለ አስመክኗቸው። የቡቺ ማምከኛ ገና ስለሆነ ሣጥኑ አልተዘጋም፤ ግዴታ ግን የለበትም።

አንድ ነገር እንጨምር። ስለ ውሻችን ብልት ሐኪም ፊት ደፍረን ጠይቀናል። ስለ ራሳችን ጡትና ማሕፀን ሲሆን ግን እንሽኮረመማለን። ሰውነቷ ላይ ያገኘችውን ነገር «ጊዜው ነው፣ ያልፋል» ብላ የያዘች እህት ካለች፣ ለአንዳችን በጆሯችን ትንገረን። ብቻዋን አትሄድም፤ አብረናት እንሄዳለን።

ጋሼን ሳንሰማቸው ለቀረነው ሁለት ጊዜ ይቅርታ እንጠይቃለን።