ማሽኑን ለፈራን፣ እግራችንን እናፍታታ



ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ «ማሽኑ ሒሳቡን ከሠራ እኛ ምን ልንሠራ ነው?» የሚል ጥያቄ በዝቷል። በሒሳብ ሙያ እንጀራ ስለምበላ ጥያቄው የእኔም ነው። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ደረሰኝ መመዝገብና መደመር ማሽን ይችለዋል። ብድሯን ያዘገየችውን እህት ቤቷ ሄዶ «ምን ገጠመሽ?» ማለት ግን አይችልም።

ስለ ማሽን ተጠይቄ ስለ እግር ጉዞ የማወራው ስጋት ሰውነት ውስጥ ስለሚገባ ነው። ትከሻ ያሳምማል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ቀኑን ወንበር ላይ ውለን ማታ በስልክ አስፈሪ ወሬ ስናነብ ደግሞ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ጭንቀትንም ይቀንሳል ይላል። በቀን 30 ደቂቃ፣ ለአምስት ቀን ማለት ነው። ውኃ ቀድታ እንጨት ተሸክማ የምትውለውን እህት ግን «ስፖርት ሥሪ» አልላትም፤ ለእሷ የሚያስፈልጋት ዕረፍት ነው።

ለእኛ ለተቀማጮቹ የጋፋት መንገድ አለልን። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው። በጊዜው አዲስ ነገር የነበረውን ያን መድፍ መቅደላ ያደረሰው መንገድ የጠረገና ገመድ የጎተተ የሰው ጉልበት ነው።

መራመድ ብቻውን ሥራችንን አያስጠብቅልንም፤ የተኛ ጭንቅላት ግን ለመማር ይመቻል። ስለዚህ ረቡዕ ከሥራ በኋላ አብረን እንራመድ፤ ስንመለስ የማኅበሩን መዝገብ በኮምፒውተር እንዴት እንደምይዝ አሳያችኋለሁ። ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ መንገዱ ድንጋያማ ነው።