የፀሐይ ብርሃን ውሃን ያጠራልን?



በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የከረመ ባለ ቀለም ጨርቅ እንደሚነጣ እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። የጨርቅ ማቅለሚያ የገባበት ውሃም በፀሐይ ሲውል ይደበዝዛል፤ ያየውም ሰው «ውሃው ጠራ» ይላል። ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለዚሁ ነው፤ ቀለሙ ጠፋ ማለት እድፉ ጠፋ ማለት አይደለምና።

ብዙው ማቅለሚያና ፀረ ተባይ መድኃኒት የተሠራው ከካርቦን ሰንሰለትና ቀለበት ነው። ብርሃን ብቻውን ቀለም የሚሰጠውን ክፍል ቢቆርጠው እንኳ ስብርባሪው በውሃው ውስጥ ይቀራል፤ አንዳንዱም ከፊተኛው የባሰ መርዝ ነው። ፈጽሞ እንዲፈርስ ረዳት ያሻዋል። ከረዳቶቹም እጅግ የታወቀው ለግድግዳ ቀለም ንጣት የሚሰጠው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት ይህ ነገር ብርሃን ሲያርፍበት ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ለመክፈል እንደሚረዳ በ1972 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ገለጡ። ከ4 ዓመት በኋላ ደግሞ በካናዳ ክሎሪን ያለባቸውን ብርቱ መርዞች በዱቄቱና በብርሃን ለመሰባበር ተቻለ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ዱቄቱን ሲመታ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሣና ጎዶሎ ይቀራል። ጎዶሎውም ከውሃው ኤሌክትሮን ሲነጥቅ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባለው ይወለዳል። ዕድሜው ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ነው፤ በዚያችው ቅጽበት ግን ያገኘውን የካርቦን ሰንሰለት ያጠቃል። የተነሣውን ኤሌክትሮን በውሃው የሟሟ ኦክሲጅን ይቀበለዋል፤ ኦክሲጅን ከሌለ ኤሌክትሮኑ ወደ ጎዶሎው ተመልሶ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በቂ ጊዜ ከተሰጠው ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል።

በአገራችን ፀሐይ ሞልታለች ብለን ግን አንቸኩል። ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኀይል አልትራቫዮሌቱ ከመቶ 5 እጅ ያህል ቢሆን ነው። እንደ ክረምት ወንዝ በደፈረሰ ውሃ ውስጥማ ጨረሩ ከላይ ጥቂት ገብቶ ይቀራል።

እዚህ ላይ ወላጆቻችን አንድ ነገር ይለዩልን። በጠራ ጠርሙስ ተሞልቶ 6 ሰዓት ሙሉ በብርቱ ፀሐይ የዋለ ንጹሕ መሳይ ውሃ ጀርሞቹ ይሞታሉ፤ ይህ እውነትም ጠቃሚም ነው። ፀረ ተባይ ወይም ማቅለሚያ የገባበትን ውሃ ግን ያው ጠርሙስ አያድነውም።

በስፔን አገር በአልሜሪያ፣ አንጸባራቂ መስተዋት ብርሃኑን ሰብስቦ ውሃ በሚያልፍባቸው የብርጭቆ ቧንቧዎች ላይ እያሳረፈ ብዙ ሙከራ ተደርጓል። ዱቄቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከውሃው መልሶ ማጥለሉ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ዱቄቱን በብርጭቆ ወይም በጠጠር ላይ ለጥፈው ይሠራሉ፤ ይህ ሲሆን ደግሞ ውሃው የሚነካው የዱቄት ገጽ ያንሳልና ሥራው ይዘገያል።