ቶርኖውና ወፍጮው፤ ስለ ትንንሽ ከተሞች ልማትና ስለ ሠራተኛ ሥልጠና

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዚህ ውይይት አዘጋጆች ስለ ኤኮኖሚ ልማት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው ስለ አገር አቀፍ ፕላን፣ ስለ ታላላቅ ግድቦችና ስለ ውጭ ምንዛሪ መናገር ነበር። ነገር ግን ስለዚህ ሁሉ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ መምህራን በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ስለዚህ እኔ ከማውቀው ነገር መነሣት ይሻለኛል። የማውቀውም አንዲት ትንሽ ከተማን ነው።

ከተማዪቱ የተወለድሁባት ናት። ስሟን መጥራት አያስፈልግም፤ ብዙዎቻችሁ በእርሷ ፈንታ የየራሳችሁን ከተማ ስም ብትተኩ ታሪኩ እንደማይለወጥ አምናለሁ። አንድ ገበያ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጥቂት ወፍጮ ቤቶች፣ ጥቂት የእንጨት ሥራ ቤቶችና አንድ የሙያ ማሠልጠኛ አላት።

የአክስቴ ልጅ በዚያ ማሠልጠኛ ገብቶ የማሽን ሥራ ተማረ። ማሠልጠኛው አንድ ጥሩ ቶርኖ ነበረው። ይሁን እንጂ ቶርኖው ባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ሲሆን ወደ ግቢው የገባው መሥመር አንድ ፌዝ ብቻ ስለ ነበረ፣ መሣሪያው በሸራ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ልጁ ስለ ቶርኖ የተማረው በሰሌዳ ላይ ከተሳለ ሥዕል ነው። የክፍሎቹን ስም አንድም ሳይሳሳት ይጠራል፤ ብረት ቀርጾ ግን አያውቅም።

ከማሠልጠኛው በእግር ሃያ ደቂቃ በሚያስኬድ ሠፈር አንድ የናፍጣ ወፍጮ አለ። የወፍጮው ዘንግ በተሰበረ ቁጥር ባለቤቱ ዘንጉን በአውቶቡስ ጭነው ወደ ትልቅ ከተማ ይልካሉ፤ ተቀርጾ እስኪመለስም ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ወፍጮው አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ቆሞ፣ እናቶች እህላቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ መንደር ሲሄዱ አይቻለሁ። ባለ ወፍጮውን «እዚሁ ማሠልጠኛው ውስጥ ቶርኖ መኖሩን ያውቃሉ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አላውቅም ልጄ፤ ማን ነግሮኝ?» አሉኝ። ወደ ማሠልጠኛው ሄጄ ከአስተማሪዎቹ አንዱን በከተማው ውስጥ ስንት ወፍጮ እንዳለና በምን በምን እንደሚሰበር ብጠይቀው፣ እርሱም አላወቀም።

የአክስቴ ልጅ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እዚያም በቀን ሥራ ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆነ።

እንግዲህ የሥራ እጦት የምንለው ይህን ነው ወይ? ሥራው ነበረ፤ ሠራተኛው ነበረ፤ መሣሪያውም ነበረ። ያልነበረው እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አስቦ የሚያገናኝ ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። የሥራ ፕላንና የሥልጠና ፕላን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተነደፉ ሥልጠናው ስደተኛ ያፈራል፤ ፕላኑም ሠራተኛውን ከሌላ አገር ሲያስመጣ ይኖራል።

ይህ በአገራችን ፈጽሞ ያልተሞከረ ነገር እንዳይመስላችሁ። ባሕር ዳርን እንመልከት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባሕር ዳር በ1950ዎቹ በጣና ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1961 ከኢጣልያ በተከፈለው የጦር ካሣ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራባት። በ1963 በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ርዳታ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። በ1964 ደግሞ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ የኤሌክትሪክ ኃይል መመንጨት ጀመረ። በዚያው ዘመን ማክስ ጉተር የተባለው ጀርመናዊ የከተማ ፕላን ዐዋቂ የከተማዪቱን ፕላን ነደፈ። በሦስት ዓመት ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሥራ ቦታ፣ ትምህርት ቤትና ኃይል ተገናኙ ማለት ነው።

በተለይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ፖሊቴክኒኩ ያስተምረው የነበረውን የትምህርት ዓይነት ነው። የጨርቃ ጨርቅ፣ የኤሌክትሪክ፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራ፣ የእርሻ መሣሪያዎችና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ቴክኖሎጂ ነበር። ጨርቃ ጨርቅ የሚማረው ልጅ ፋብሪካውን የሚያየው በሥዕል ሳይሆን በዚያችው ከተማ ውስጥ ነው። ኤሌክትሪክ የሚማረውም ኃይሉ የሚመነጭበት ፏፏቴ ሩቅ አልነበረበትም። በ1972 የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚም ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠር ኑሮና ከገጠር ልማት ጋር የሚያስማሙ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። እነዚህ ሁለት ተቋማት በ2000 ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የ2007 የሕዝብ ቈጠራም ከተማዪቱ ከ150 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ እንደ ነበራት አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ወዳጅ የሆነ ሰው ጉድለትንም ይናገራልና፣ ባሕር ዳር ለሌሎቹ ከተሞች ሁሉ አብነት ትሆናለች ብዬ እንዳለ አልቀበልም። ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው፣ ገንዘቡ የመጣው ከካሣና ከውጭ ርዳታ፣ ውሳኔውም ከላይ መሆኑ ነው። የጦር ካሣ በየከተማው አይከፈልም። ፋብሪካ እስኪመጣልን ብለን የምንጠብቅ ከሆነ የእኔ ከተማ ገና ሌላ መቶ ዓመት ትጠብቃለች።

ሁለተኛው፣ ትልቅ ፋብሪካ ሲታቀድ ቀድሞ የነበረው ትንሹ ሙያ ከሒሳብ ውስጥ መዘንጋቱ ነው። በአገራችን ሸማኔው ዛሬ ድሩን ከፋብሪካ ይገዛል፤ ማጉን ግን እናቶቻችን በእንዝርት ይፈትሉለታል። ፋብሪካውና ጎጆው ማንም ሳያስተዋውቃቸው በአንድ ሸማ ላይ ተገናኝተዋል። ይህን ዝምድና አስቦበት ለሸማኔው የተሻለ የሽመና ዕቃ፣ ለፈታይዋ የተሻለ መፍተያ የሚያስተምር ሥልጠና በየትንሹ ከተማ ቢኖር ኖሮ ስንት ቤት በተጠቀመ ነበር!

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። በወረቀት ላይ ያለው መመሪያ መጥፎ አይደለም። በ2008 የወጣው አገር አቀፍ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሥልጠናው የሥራ ገበያውን ፍላጎት እንዲከተል ያዛል። የትብብር ሥልጠና የሚባለውም ሠልጣኙ ከጊዜው ከፊሉን በድርጅት ውስጥ እየሠራ እንዲማር የታሰበ ነው። በ2021 ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቁሞ የሥራ ጉዳይና የሥልጠና ጉዳይ በአንድ ጣራ ሥር ገብተዋል። በላይ በኩል ጠረጴዛው አንድ ሆኗል ማለት ነው። እኔ ባደግሁባት ከተማ ግን መዘጋጃ ቤቱ ለብቻው፣ ማሠልጠኛው ለብቻው፣ የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤቱም ለብቻው ናቸው። ድርጅት በሌለበት ከተማ የትብብር ሥልጠና ማለትም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ማግኘት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ትንሽ ከተማ ከምን ትነሣ? እኔ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ እላለሁ።

በዚህች ከተማ ዘወትር የሚሰበረው ምንድን ነው? ወፍጮ፣ የውኃ ፓምፕ፣ ባጃጅ፣ የእርሻ መሣሪያ። በዚህች ከተማ የሚበላሸው ምንድን ነው? ቲማቲም፣ ወተት፣ ሽንኩርት። ከሌላ ቦታ የምንገዛው፣ ነገር ግን እዚሁ ልንሠራው የምንችለው ምንድን ነው? የትምህርት ቤት ወንበር፣ በርና መስኮት፣ የንብ ቀፎ። አራተኛውም፣ ማን ምን ያውቃል? ይኸውም አናጢው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ማንም ሳያስተምረው ሞተር ፈትቶ የሚገጥመው ጎረምሳ።

ምሳሌ ልስጥ። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ መርዓዊ የምትባል ከተማ አለች። በአጠገቧ ወደ 7 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ የመስኖ ግድብ ይገኛል። ገበሬው በመስኖ ድንችና ሽንኩርት፣ ጎመንና ስንዴ ያመርታል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ሲያወጣ ዋጋው እንደሚወድቅ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያስፈልገው ሥልጠና ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ከውጭ አገር አማካሪ ማስመጣት አያሻም። የቦይና የውኃ በር ጠባቂ፣ የፓምፕ ጠጋኝ፣ የድንች ጎተራ የሚሠራ ግንበኛ፣ የአትክልት ሣጥን የሚሠራ አናጢ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ የሚይዝ ጸሐፊ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሙያ ሌላውን ይጠራል። ከአበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለውም ለዚህ ዓይነት ነገር ነው።

እንደምትቃወሙኝ ዐውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ «የሠለጠነ ወጣት በትንሽ ከተማ አይቀመጥም፤ ቢሠለጥንም ይሄዳል» ትላላችሁ። መሄድ ኃጢአት አይደለም፤ እኔም ሄጄ ነው ከእናንተ ጋር የተገናኘሁት። ነገር ግን እጁ ሙያ ያለው ሰው ሲሄድ መርጦ ይሄዳል፤ የወረቀት ሙያ ብቻ ያለው ግን ተገፍቶ ይሄዳል። የአክስቴን ልጅ ያሳዘነው መሄዱ አልነበረም፤ ሦስት ዓመት ተምሮ ካልተማረው እኩል ሲሚንቶ መሸከሙ ነው።

ሌሎቻችሁ «ሰላም በሌለበት ምን ፕላን?» ትላላችሁ። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። በ2023 በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን እንዳዘጋ፣ ብዙዎቻችንንም ከቤተሰባችን እንደ ለየ እዚህ መናገር አያሻኝም። ፕላን ጦርነትን አያቆምም። ነገር ግን ሰላም የወረደ ዕለት ምን እንደምንሠራ ሳናውቅ ብንገኝ፣ ያ ደግሞ የራሳችን ጥፋት ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ እርሱም በአፍ የማይነገር ስለ ሆነ ነው። የእጅ ሥራን እንንቃለን። አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከአዋጁ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ዐልፏል። ዛሬ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በአደባባይ ላንሰድብ እንችላለን። ነገር ግን ከመካከላችን እኅቱን ለቀጥቃጭ ለመዳር ደስ የሚለው ስንቱ ነው? ወደ ሙያ ማሠልጠኛ የገባውን ልጅ «ውጤት ስላልመጣለት ነው» የማንለው ስንቶቻችን ነን? እኔም የአክስቴን ልጅ እንዲህ ብየዋለሁ፤ በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የምንንቀውን ሙያ በደንብ ልናስተምረው አንችልም፤ ለሚናቅ ሙያ ሦስት ፌዝ መሥመር የሚያስገባለትም የለም።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በ1964 በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ልኮ ያስተምር ነበር። እኛ የምንጠየቀው አንድ ዓመት አይደለም። ክረምት ሲመጣ ሁላችንም ወደየቤታችን ስንሄድ አንድ አንድ ደብተር ይዘን እንሂድ። አራቱን ጥያቄዎች ለባለ ወፍጮው፣ ለአናጢው፣ ለገበሬው፣ ለአስተማሪውና ለመዘጋጃ ቤቱ እንጠይቅ። ምን እንደሚሰበር፣ የት እንደሚጠገን፣ ስንት ብርና ስንት ቀን እንደሚፈጅ እንጻፍ። የጻፍነውን ሁለት ቅጂ አድርገን አንዱን ለከተማው ማሠልጠኛ፣ አንዱን ለመዘጋጃ ቤቱ እንስጥ፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ስብሰባ፣ ባለ ወፍጮውም ባለበት እንዲያነቡት እንለምናቸው። ክቡራን መምህራኖቻችንም ይህን ደብተር እንደ ጥናታዊ ሥራ ቈጥረው ቢያርሙልን ሥራው የክረምት ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ይህ ትልቅ ፕላን አይደለም። ገንዘብም አያስወጣም። ምናልባት ከአሥር ከተሞች በስምንቱ ወረቀቱን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ይከቱት ይሆናል። በሁለቱ ግን አንድ አስተማሪና አንድ ባለ ወፍጮ ስማቸውን ተለዋውጠው ይለያያሉ።

በከተማችን ያለው ቶርኖ ባለፈው ክረምት ሳየው እንደ ተሸፈነ ነበር። በሚመጣው ክረምት ስመለስ የመጀመሪያው ጥያቄዬ መሥመሩ ለምን እንዳልገባ፣ ለማስገባትም ስንት ምሰሶ እንደሚፈልግ ይሆናል። እናንተም በየከተማችሁ የተሸፈነ ነገር አይጠፋምና፣ ሸራውን ገልጣችሁ እዩት።