ጥቂቱን በቱቦው ውስጥ ማሰባሰብ



ካፒላሪ ኤሌክትሮፎረሲስ የሚሠራው የውስጥ ስፋቱ ከፀጉር በማይበልጥ ቱቦ ነው። ጄምስ ጆርገንሰንና ክሪን ሉካክስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ሥራ፣ 75 ማይክሮሜትር ስፋት ባለው የመስታወት ቱቦ ላይ እስከ 30,000 ቮልት ጭነው የሚመሳሰሉ ሞለኪውሎችን አጥርተው ለዩ። ቮልቴጁ ይህን ያህል ከፍ ሊል የቻለው ቱቦው ቀጭን በመሆኑ ሙቀቱ በግድግዳው በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ነው።

ይኸው ቅጥነት ግን ጥቂቱን እንዳናይ ይጋርደናል። ስፋቱ 50 ማይክሮሜትር፣ ርዝመቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ ቱቦ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ የሚይዘው 1 ማይክሮሊትር ገደማ ነው። ናሙናው ደግሞ ጥቂት ናኖሊትር ብቻ ነው። ሞለኪውሎቹን ለማየት የምንጠቀምበት አልትራቫዮሌት ብርሃንም በናሙናው ውስጥ የሚያልፈው 50 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ 1 ሴንቲሜትር ከሆነው የተለመደ የመለኪያ ዕቃ ጋር ሲነጻጸር 200 ጊዜ ያጥራል። ሌዘር ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ አብዛኞቹን ሞለኪውሎችም አስቀድሞ በሚያበራ ቀለም ምልክት ማድረግን ይጠይቃል።

እኔ ዛሬ የምሟገትለት መንገድ ሌላ ነው፦ ናሙናውን እዚያው ቱቦው ውስጥ ማሰባሰብ።

ናሙናው ጨው በሌለው ውኃ ቢሟሟ፣ ኮረንቱ በቱቦው ሁሉ እኩል ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ በደንብ በማያስተላልፈው በናሙናው ክፍል ላይ የኤሌክትሪክ መስኩ ይበረታል። አዮኖቹ እዚያ ይፈጥናሉ፤ ቀሪውን ቱቦ ወደሞላው ጨዋማ ፈሳሽ፣ ማለትም ወደ ባፈሩ፣ ሲደርሱ ይዘገያሉ። ከአዳማ በፍጥነት መንገድ የመጡ መኪኖች ቱሉ ዲምቱን አልፈው ወደ ከተማው መጨናነቅ ሲገቡ የሚሆነው ይኸው ነው፤ የፊተኛው ይዘገያል፣ የኋለኛው ይደርስበታል፣ ተራርቀው የነበሩት ይጠጋጋሉ። ፍጥነታቸው ወደ አንድ አሥረኛ ቢወርድ ርቀታቸውም ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የአዮኖቹም ክምችት እንዲሁ በግምት አሥር እጥፍ ይሆናል።

ታዲያ ለምን ቱቦውን በናሙና አንሞላውም? በጨዋማውና በንጹሑ ክፍል መስኩ ፈሳሹን ራሱን በእኩል ፍጥነት ስለማይነዳው፣ የሚፈጠረው ግፊት የተሰበሰበውን መልሶ ይበትነዋል። ሪንግ-ሊንግ ቺንና ዲን በርጊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያቀረቡት መላ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ገልብጦ የናሙናውን ውኃ ወደ ኋላ ማስወጣት፣ ከዚያም ልየታውን መጀመር ነበር።

ሽንትና የባሕር ውኃ ግን ጨዋማ ናቸው፤ በእነሱ ይህ ዘዴ ይከሽፋል። ሙል የሌላቸው ሞለኪውሎችም በመስኩ አይነዱም። ሆሴሊቶ ኪሪኖና ሺጌሩ ተራቤ እ.ኤ.አ. በ1998 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያሳዩት መንገድ እዚህ ይጠቅማል። ሚሴል የሚባሉ የሳሙና መሰል ሞለኪውሎች ጥርቅሞች በናሙናው ውስጥ ሲያልፉ የሚፈልጉትን ሞለኪውል ጠርገው ይሰበስባሉ። ክምችቱ ከ5,000 እጥፍ በላይ የደረሰበት ጊዜ አለ። የሚሰበሰበው ግን ሚሴሉን አጥብቆ የሚይዝ ሞለኪውል ነው፤ የማይጠጋው ጥቂት ብቻ ይጠቀማል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ «መሣሪያችን አያይም» ከማለታችሁ በፊት የናሙናችሁን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ለኩና ከባፈራችሁ ጋር አስተያዩት። አዲስ ዲቴክተር የሚገዛው በበጀት ነው። ናሙናን በንጹሕ ውኃ ማዘጋጀትና ባፈርን አስቦ መምረጥ ግን የሚጠይቀው ዕውቀትን ነው፤ ዕውቀቱም ከዛሬ ጀምሮ በእጃችሁ ነው።