መዝገባችን ለምን ተንቀራፈፈ?

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ባለፉት ወራት በቁጠባ መሰብሰቢያ ቀን ብዙ አስቆምናችሁ። ልጅ ያዘላችሁ፣ የጉልት ዕቃችሁን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ የመጣችሁ፣ አንዲት ክፍያ ለማስመዝገብ ስትጠብቁ አይተናል። እኛም ከጠረጴዛው ወዲያ ሆነን "ትንሽ ታገሡን፣ ኮምፒውተሩ እያሰበ ነው" እንል ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁ ኮምፒውተሩ ምን "ሲያስብ" እንደነበረና እኛም ምን እንዳጠፋን ነው።

የቁጠባና የብድር መዝገባችን በኤክሴል የተሠራ አንድ ፋይል ነው። ሲጀመር ፈጣን ነበር። እየቆየ ግን ለመከፈት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ፣ አንድ ቁጥር ባስገባን ቁጥርም ስክሪኑ ደርቆ ይቆም ጀመር። "ላፕቶፑ አርጅቷል" አልን። ለደጋፊዎቻችን ባዘጋጀነው የበጀት ጥያቄ ላይም አዲስ ላፕቶፕ ጻፍን።

አዲሱ እስኪገዛ ብለን ደግሞ አንድ አቋራጭ ያዝን። ኤክሴል ቁጥር በገባ ቁጥር ሒሳቡን በራሱ እንዲያሰላ የሚያደርገውን ምርጫ ከ"አውቶማቲክ" ወደ "ማኑዋል" ቀየርነው። ሴቭ ሲደረግም እንዳያሰላ ምልክቱን አነሳንለት። ፋይሉ ፈጠነ፤ እኛም ደስ አለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነና፣ ኤፍ9ን ካልተጫንን በስተቀር ቁጥሩ ይገባል እንጂ ድምሩ አይለወጥም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት አንዲት እናታችን አዲስ ብድር ለመጠየቅ መጡ። ስክሪኑን አይተን "የቀድሞውን አልጨረሱም፣ ቀሪ አለብዎት" አልናቸው። እሳቸው "ልጆቼ፣ ባለፈው ከፍያለሁ እኮ፤ ደብተሬ ላይ ፈርማችኋል" አሉ። እውነታቸውን ነበር። ክፍያቸው ተመዝግቧል፤ ቀሪው ግን አልተሰላም። ሰው በተሰለፈበት ተበዳሪ አስመስለን አቆምናቸው። በዚያው ዕለት በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ዛሬም በእናንተ ፊት እንደግመዋለን። ያዳናቸው ደብተራቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ችግሩን ከሥሩ ለመፈለግ ተቀመጥን። በመጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ በሌላ ስም አስቀመጥን፤ ሙከራው ሁሉ የተደረገው በቅጂው ላይ ነው። ቀጥሎ ባዶ የኤክሴል ፋይል ከፈትን። ወዲያው ተከፈተ፤ ቁጥር ስናስገባበትም አልዘገየም። ስለዚህ የላፕቶፑ ዕድሜ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አልቻለም። ከዚያ የኮንትሮልን ቁልፍ ይዘን ኤክሴልን በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ተጨማሪ ፕሮግራሞቹ ሳይነሡ፣ ከፈትነው። የእኛ ፋይል አሁንም ተንቀራፈፈ። እንግዲህ በሽታው ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። በቅጂው ላይ ሺቶቹን አንድ በአንድ እያጠፋን የትኛው ሲወጣ እንደሚፈጥን አየን። ያገኘናቸው አምስት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ የአባላትን መታወቂያ በስልክ አንሥተን ፎቶውን በሙሉ መጠኑ ሺቱ ላይ ለጥፈን ነበር። ፎቶዎቹን አውጥተን በአባል ቁጥር ለየብቻ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥናቸው።

ሁለተኛ፣ ኮንትሮልንና ኤንድን አንድ ላይ ስንጫን ጠቋሚው ከመጨረሻዋ አባል ስም እጅግ ርቆ ወደ ታች ወረደ። ለውበት ብለን ያወረድነውን መስመርና ቀለም ኤክሴል እንደ ሥራ ቦታ ቆጥሮታል። ባዶዎቹን ረድፎች መርጠን ዲሊት አደረግንና ሴቭ አልነው።

ሦስተኛ፣ በሰምፕሮዳክት የሠራናቸው ፎርሙላዎች ዓምዱን በሙሉ እንዲያዩ ታዝዘው ነበር። አንድ የኤክሴል ዓምድ 1,048,576 ረድፍ አለው። እያንዳንዱ ፎርሙላ ይህን ሁሉ ሲያስስ ይውላል ማለት ነው። ስማችን እስካለበት ረድፍ ብቻ ገደብናቸው።

አራተኛ፣ የዘገየ ክፍያ ስንት ቀን እንዳለፈው ለማወቅ በየረድፉ ቱዴይ የሚባለውን ፎርሙላ ጽፈን ነበር። ይህ ፎርሙላ የትም ቦታ አንድ ቁጥር በተነካ ቁጥር እንደገና ይሰላል፤ በእሱ ላይ የተመሠረተውም ሁሉ አብሮ ይሰላል። አሁን በመሰብሰቢያው ቀን ጠዋት ቀኑን በአንድ ሣጥን ውስጥ በእጃችን እንጽፋለን፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ያነባል።

አምስተኛ፣ ያልተከፈለውን ቀይ የሚያደርገው የቀለም ሕግ፣ ረድፍ ኮፒ ባደረግን ቁጥር እየተባዛ ነበር። ሁሉንም አጥፍተን አንድ ብቻ መልሰን አስገባን።

ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ ስሌቱን ወደ አውቶማቲክ መለስነው። የእያንዳንዷን አባል ደብተርም ከመዝገቡ ጋር አመሳከርን። በዚያው በአሮጌው ላፕቶፕ አሁን ኢንተር ስንመታ ቁጥሩ ወዲያው ይገባል፤ ሰልፉም አጥሯል።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው አለን። አዲሱን ላፕቶፕ ከበጀት ጥያቄያችን ላይ ሰርዘነዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን ነው። ብንገዛው ኖሮ ያንኑ የታመመ ፋይል ወደ አዲስ ዕቃ አዛውረን፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ ልቅሶ ይዘን በመጣን ነበር። ላፕቶፑ በእውነት የደከመ ዕለት ግን ምክንያቱን ለይተን በግልጽ እንጠይቃችኋለን።

ለአባሎቻችን ደግሞ አንድ አደራ አለን። ክፍያችሁ ደብተራችሁ ላይ ሳይጻፍና ሳይፈረም ከጠረጴዛው አትነሡ። በየወሩ መጨረሻም ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከመዝገቡ ጋር አብረን እናያለን። ቁጥሩ ካልተስማማ ስክሪኑን ብቻ አምነን "አለብሽ" አንልም፤ ደብተሩንና ደረሰኙን ሳናይ አንዲትም አባል ከብድር አንመልስም። ዝም ብላችሁ አትቀበሉን፣ ጠይቁን።