አውሮፕላኑ ማታ የት ያድራል? የአብራሪ ቅጥር፣ ክፍያና የምድብ ጣቢያ ከጅግጅጋ ሲታይ



ስለ አየር መንገድ በተነጋገርን ቁጥር ወሬያችን በቲኬት ዋጋ ይጀምርና በቲኬት ዋጋ ያበቃል። ዋጋው ለምን ተወደደ፣ በዝቅተኛ ዋጋ የሚበር አየር መንገድ ወደ ምሥራቁ የአገራችን ክፍል መቼ ይመጣል የሚለው ጥያቄ በዚህ ከተማ በየሻይ ቤቱ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እኔ የሥራና የደመወዝ ኢኮኖሚክስ የማስተምር ሰው በመሆኔ ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ያንን ርካሽ አውሮፕላን የሚያበረው ማን ነው? እንዴት ይቀጠራል? በምን ሂሳብ ይከፈለዋል? ማታስ የት ያድራል? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድ ውል ውስጥ የታሰሩ ናቸው። ለጅግጅጋና በዙሪያዋ ላሉ ከተሞች ግን ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ይመስለኛል።

አስቀድመን ቃሉን እናብራራ። የአቪዬሽን ሠራተኞች «ቤዝ» የሚሉት፣ እኛ በአማርኛ «የምድብ ጣቢያ» ልንለው የምንችለው፣ አሠሪው ለአብራሪው የወሰነለት፣ ሥራው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ከተማ ነው። አብራሪው ቤት የሚይዘው፣ ልጆቹንም ትምህርት ቤት የሚያስገባው እዚያ ነው። ከዚያ ውጭ ሲያድር ሆቴልና አበል ይታሰብለታል፤ እዚያ ሲያድር አይታሰብለትም። ስለዚህ አሠሪው በአንድ መስመር ጽሑፍ «የምድብ ጣቢያህ ይህ ነው» ሲል የአንድን ቤተሰብ ኑሮ፣ የአንድን ከተማ ገቢና የአንድን በረራ የመነሻ ሰዓት አብሮ ወስኗል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ መስመሮቹ ያሰማራው ኪው 400 የተባለውን ባለ ሁለት ሞተር ተርቦፕሮፕ አውሮፕላን ነው፤ ወደ ጅግጅጋም ይመላለሳል። አየር መንገዱ በረራዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ማዕከል የሚሰበስብ ስለሆነ የአብራሪዎቹ የምድብ ጣቢያ አዲስ አበባ ነው። አብራሪው በገራድ ዊልዋል ስም በተሰየመው ማረፊያችን ያርፋል፣ መንገደኛ አውርዶ መንገደኛ ይጭናል፣ ወደ ቦሌ ይመለሳል። አውሮፕላኑ በሚያድርበት ከተማ ያለ ነጋዴ ማለዳ ተነሥቶ ጉዳዩን ፈጽሞ ማታ ይመለሳል። አውሮፕላን በማያድርበት ከተማ ያለው ደግሞ ማለዳ የመጣው አውሮፕላን እስኪደርስለት ይጠብቃል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ የማዕከል አሠራር ባሕርይው ይህ ነው። ሆኖም ይኸው አየር መንገድ ባለድርሻ የሆነበት አስካይ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ መቀመጫውን ሎሜ አድርጎ በምዕራብ አፍሪካ ሲበር ስናይ፣ ሁለተኛ ማዕከል መፍጠር የተፈጥሮ ሕግ የሚከለክለው ነገር እንዳልሆነ እንረዳለን።

የምድብ ጣቢያ ከተማ እንደሚሠራ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቃል። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐረርን በተራራዋ ላይ ትቶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች። ባቡሩ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽኒሌም ያልፍ ነበር። ነገር ግን የጥገናው ጋራዥ፣ የሾፌሮቹና የመካኒኮቹ መኖሪያ፣ የደመወዝ ቀኑ ገበያም ጭምር በድሬዳዋ ሆነ። ሽኒሌ ከድሬዳዋ በስተሰሜን እዚያው አጠገቧ ናት፤ ሐዲዱም አንድ ነው። አንዷ ሠራተኛው የሚያድርባት፣ ሌላዋ ባቡሩ የሚያልፍባት ሆነው ቀሩ። ዛሬም የሽኒሌ ሰው አውሮፕላን ሲፈልግ የሚሄደው ወደ ድሬዳዋ ነው።

አንድ አውሮፕላን ጅግጅጋ ቢያድር ምን ይሆናል? ቀላል ሂሳብ እንሥራ። በቀን 8 ሰዓት የሚበር አውሮፕላን በዓመት 2,920 ሰዓት ይበራል። የአውሮፓ ደንብ አንድ አብራሪ በዓመት ከ900 ሰዓት በላይ እንዳይበር ይከለክላል፤ የአሜሪካው ጣሪያ 1,000 ነው። ዕረፍት፣ ሕመም፣ የሲሙሌተር ልምምድና አጫጭር በረራዎች የሚበሉት ጊዜ ሲቀነስ አንድ አብራሪ 600 ሰዓት ያህል ይበራል ብንል፣ ለአንድ አውሮፕላን አምስት ጥንድ፣ ማለትም 10 አብራሪዎች ያስፈልጋሉ። በዚህ ላይ አስተናጋጆቹን፣ መካኒኮቹንና የነዳጅ ሠራተኞቹን ጨምሩ። ፋብሪካ የሚያህል የሥራ ዕድል አይደለም። ግን በከተማው ከፍተኛ ደመወዝ ከሚያገኙት መካከል የሚሆኑ ሰዎች እዚህ ቤት ይይዛሉ፣ እዚህ ይገበያሉ። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም አብራሪን በፊልም ሳይሆን በሠፈሩ ያየዋል።

እዚህ ላይ የዝቅተኛ ዋጋ አየር መንገድ ደጋፊዎች «እንግዲያው መልሱ እኛ ዘንድ ነው» ይላሉ፤ በከፊል እውነት አላቸው። እንደ ራያንኤር ያለው አየር መንገድ ከከተማ ወደ ከተማ በቀጥታ ይበራል፤ ሠራተኞቹን በብዙ ትናንሽ ጣቢያዎች ይመድባል፤ ማታ ሁሉም ወደየቤቱ ስለሚገባ የሆቴል ወጪ የለበትም። ነገር ግን ሁሉም እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 መብረር የጀመረው ፍላይዱባይ ከቶጎጫሌ ማዶ ወደ ሐርጌሳ ይመላለሳል፤ መቀመጫው ግን ዱባይ ነው። የቲኬት መርከስና የምድብ ጣቢያ መስፋፋት የግድ አብረው አይሄዱም።

ደግሞስ ርካሽነቱ ከየት ይመጣል? ነዳጁ ለሁሉም ነዳጅ ነው፤ የአውሮፕላን ኪራይም በዶላር ነው። የሚቀረው አውሮፕላኑን ብዙ ሰዓት ማብረርና የሠራተኛውን ወጪ መቀነስ ነው። በአውሮፓ ይህ እንዴት እንደተደረገ በሰፊው ይታወቃል። ወጣቱ አብራሪ የአንድን ዓይነት አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኝበትን ሥልጠና፣ ታይፕ ሬቲንግ የሚባለውን፣ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዩሮ ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ከዚያ የሚቀጠረው በአየር መንገዱ ሳይሆን በሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ በኩል ነው፤ የሚከፈለውም በበረረበት ሰዓት ልክ ነው። ታመመ? ክፍያ የለም። በረራው ተሰረዘ? ክፍያ የለም። የጌንት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት ከስድስት የአውሮፓ አብራሪዎች ከአንድ የሚበልጠው ቀጥተኛ የቅጥር ውል አልነበረውም።

ይህ አሠራር ለአየር መንገዱም ቢሆን ገደብ አለው። ራያንኤር በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. የአብራሪዎችን የዓመት ዕረፍት ማቀናጀት አቅቶት በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎችን ሰረዘ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ከዚያ በፊት አሻፈረኝ ይለው ለነበረው የሠራተኛ ማኅበር ዕውቅና ለመስጠት ተስማማ። በዚያው መስከረም፣ በ14ኛው ቀን፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሻርለርዋ፣ ቤልጂየም፣ ተመድበው ይሠሩ በነበሩ የበረራ አስተናጋጆች ጉዳይ ፍርድ ሰጠ። ውላቸው «ክርክር ቢነሣ የአየርላንድ ፍርድ ቤት» ይል ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ሠራተኛው ዘወትር የሚሠራበትን ቦታ ለመለየት የምድብ ጣቢያው ከፍተኛ ክብደት ያለው ምልክት ነው አለ። ለሕግ ተማሪዎቻችን ይህን ፍርድ አደራ እላለሁ፤ የምድብ ጣቢያ መብት የሚጠየቅበትን ደጅ ጭምር እንደሚወስን ያሳያልና።

የክፍያና የምድብ ጣቢያ ጉዳይ የደኅንነት ጉዳይም ነው። በየካቲት 12 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ከኒውአርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ እዚህ እንደሚያርፈው ያለ ኪው 400 ነበር። ረዳት አብራሪዋ ዓመታዊ ገቢዋ ከ25,000 ዶላር በታች ነበር። የምትኖረው በአገሪቱ ምዕራባዊ ጫፍ በሲያትል ስለነበር ሌሊቱን በሌሎች አውሮፕላኖች ተሳፍራ ነበር ኒውአርክ የደረሰችው። ካፒቴኑም ከፍሎሪዳ የሚመላለስ ነበር፤ ሌሊቱን በሠራተኞች ክፍል አሳልፏል። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት የካፒቴኑ የተሳሳተ የአበራረር ምላሽ አድርገዋል። ድካም የሁለቱንም ብቃት ሳይቀንስ እንዳልቀረ ጠቅሰው፣ መጠኑን ግን መለየት አይቻልም ብለዋል። እኔ ከዚህ በላይ አልጨምርም። ሆኖም ለደመወዝ ጥናት ሰው ጥያቄው ግልጽ ነው፤ በምድብ ጣቢያው ቤት ለመከራየት የማይበቃ ደመወዝ የሚከፍል አሠሪ፣ የሠራተኛውን እንቅልፍ ከማን ሂሳብ ላይ እየቀነሰ ነው?

በአፍሪካ ቀንድ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ አውሮፕላኑን ከነአብራሪዎቹ መከራየት፣ ዌት ሊዝ የሚባለው። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ከሞቃዲሾ ወደ ጅቡቲ ሲበር ቦምብ የፈነዳበት የዳሎ አየር መንገድ ኤርባስ የአንድ የግሪክ ኩባንያ ነበር፤ ካፒቴኑ ሰርቢያዊ ነበር፤ ጎኑ የተቀደደውን አውሮፕላን በሰላም መልሶ አሳርፏል። ሙያውን ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ውል ቲኬቱን የሚገዛው የቀንዱ ሕዝብ ሆኖ አሠሪውም፣ ሥልጠናውም፣ ልምዱም ሌላ አገር ይቀራሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም የአካባቢ ልጅ ካፒቴን ሳይሆን በየቀኑ መብረር ይቻላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 መብረር ሲጀምር አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ይህ በአጋጣሚ አልመጣም፤ በውል የተጻፈ ግዴታና የራስ ማሠልጠኛ ያመጡት ነው። አየር መንገዱ የሚያሠለጥነው ወጣት በምላሹ ለተወሰኑ ዓመታት የማገልገል ግዴታ ይገባል። አብራሪዎች ግዴታውን ያማርራሉ፤ በተለይ የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች በዶላር ሲጠሯቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ በብር የሚከፈል ደመወዝ ከዶላር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ምን ያህል እንደሰፋ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ቢሆንም ከሁለቱ ክፉዎች ብመርጥ፣ አገልግሎቱን ያሰረ ውል ገንዘቡን አስቀድሞ ከወሰደ ውል ይሻላል እላለሁ። የመጀመሪያው የድሀ ልጅ ኮክፒት እንዲገባ በሩን ይከፍታል፤ ሁለተኛው ይዘጋል።

ይህን የምለው በመጽሐፍ ብቻ አይቼ አይደለም። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስሙን በማልጠራው የቅጥር ደላላ «ውጭ አገር ረዳት አብራሪ ትሆናለህ፤ አስቀድመህ ክፈል» ተብሎ ቤተሰቡ ግመል ሸጦ ከፍሏል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነት የግል ኤጀንሲዎች በመርህ ደረጃ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ሥልጠና ማስከፈልና ለቅጥር ማስከፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ደላላው የሚኖረው ሁለቱን በማደባለቅ ነው። እዚህ ላይ ማረፊያችን ስሙን የተዋሰው የገራድ ዊልዋል ተረት ትዝ ይለኛል። ገራዱ ከበግ ብልት ሰዎችን የሚያስማማውንም የሚያጣላውንም አምጡልኝ ሲል፣ የአንድ ድሀ ሰው ልጅ አባቷን ጉሮሮውን ይዞ እንዲሄድ መከረችው ይባላል። ሌሎቹ ሙዳ ሥጋ ነበር ያመጡት።

ወደ ተግባሩ ልመለስ። የ2012 ዓ.ም. የኢንቨስትመንት ደንብ የአገር ውስጥ አየር ትራንስፖርትን የውጭ ባለሀብት ከኢትዮጵያዊ ጋር በሽርክና፣ እስከ 49 በመቶ ድርሻ የሚገባበት መስክ አድርጎታል። ስለዚህ ዝቅተኛ ዋጋ አየር መንገድ በሕግ ደረጃ ሕልም አይደለም። እንቅፋቱ ሌላ ነው፤ የኤርፖርቶች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሥር ስለገባ አዲሱ ተወዳዳሪ የሚያርፈው በተፎካካሪው ግቢ ነው። ያም ሆኖ አንድ ኩባንያ ነገ መጥቶ የመሬት፣ የግብር ወይም የማረፊያ ክፍያ እፎይታ ከክልሉና ከፌዴራሉ መንግሥት ቢጠይቅ፣ ድርድሩ በቲኬት ዋጋ ላይ ብቻ እንዳይቆም እፈልጋለሁ። ቢያንስ አንድ አውሮፕላን ከነአብራሪዎቹ ጅግጅጋ ይደር፤ ይህም በውሉ ይጻፍ። አብራሪው ቢበርም ባይበርም የሚያገኘው ዝቅተኛ የወር ክፍያ ይወሰን። የታይፕ ሬቲንጉን ወጪ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ በግልጽ ይነገር፤ ከቶጎጫሌ፣ ከቀብሪ በያህና ከሽኒሌ የሚመጣ ልጅም ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚወዳደርበት የሥልጠና ወንበር ይኑር።

የቲኬቱ ዋጋ በዚህ ምክንያት በጥቂት ብር ይጨምር ይሆናል። ምን ያህል እንደሚጨምር ማስላት ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻችን ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ነው፤ ፍላጎት ያለው ሰው ቢሮዬ ድረስ ይምጣ። አሁን መድረኩን ለጥያቄ እለቃለሁ።