ሴራሚክ የሚያስተካክል ሽብልቅ

የዛሬው ቃላችን ሽብልቅ ነው። አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ሽ-ብ-ል-ቅ። ሽብልቅ።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የባሕር ዛፍ ግንድ ስትፈልጡ በመዶሻ የምትመቱት ብረት ሽብልቅ ነው። የመጥረቢያው እጀታ እንዳይወልቅ ከራሱ ላይ የሚገባው እንጨትም ሽብልቅ ነው። አንዱ ጫፉ ቀጭን፣ ሌላው ጫፉ ወፍራም ነው። ቀጭኑ ይገባል፤ ወፍራሙ ይገፋል። ዕውቀቱ የአባቶቻችን ነው። በአክሱም አጠገብ፣ በጎቦ ድራ፣ ድንጋይ በተፈለፈለበት ሥፍራ፣ በመሥመር የተሰለፉ የሽብልቅ ጉድጓዶች እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ዛሬ ይኸው ሽብልቅ በትንሹ፣ ከፕላስቲክ ተሠርቶ፣ ለወለልና ለግድግዳ ሴራሚክ ማስተካከያ ሆኗል። በለገዳዲ ቤት የምትሠሩም የምታሠሩም ብዙ ናችሁና እንነጋገርበት።

አንድ ሴራሚክ ከጎረቤቱ 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ምን ይሆናል? 2 ሚሊ ሜትር እንዲያው ትንሽ ናት። ነገር ግን እግር ይመታታል። ባልዲ የያዘች እናት ትሰናከላለች። አሠሪው «ይነሣ!» ይላል። የተነሣ ሴራሚክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሰበራል። የሠሪው የቀን ድካም በዚያው ይቀራል። ትልልቁ ሴራሚክ፣ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ ከፋብሪካ ሲወጣም ጥቂት ሊጎብጥ ይችላል። ውሃ ልክና ሲባጎ ብቻ አይበቁትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክሊፕ የሚባል ቀጭን ፕላስቲክ አለ። እግሩ ከሁለቱ ሴራሚኮች ሥር ይገባል፤ አንገቱ በመጋጠሚያው መካከል ወደ ላይ ይወጣል። አንገቱ ላይ መስኮት አለ። ሽብልቁ በዚያ መስኮት ይገባል። ሽብልቁ በተገፋ ቁጥር ከፍ ያለውን ሴራሚክ ወደ ታች ይጫናል፤ የክሊፑ እግር ዝቅ ያለውን ወደ ላይ ይስባል። ሁለቱ እኩል ይሆናሉ።

እንግዲህ ሁሉም ሽብልቅ አንድ ነውን? አይደለም። ልዩነቱ ያለው በተዳፋቱ ላይ ነው። ርዝመቱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሽብልቅ እንውሰድ። ቀጭኑ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ 10 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ከ10 ላይ 2 ስንቀንስ 8 ይቀራል። በ8 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 8 ሚሊ ሜትር ወጣ ማለት ነው። 1 ሴንቲ ብንገፋው 1 ሚሊ ይጫናል። ሌላ ሽብልቅ ግን ውፍረቱ ያው ሆኖ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ብቻ ነው። 1 ሴንቲ ሲገፋ 2 ሚሊ ይጫናል። አያችሁ? ይኸኛው ይቸኩላል። ለመግፋትም ከባድ ነው፤ እጅ ሲለቀውም ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ይችላል። ለስላሳ ተዳፋት ያለው ግን በትንሽ ጉልበት ብዙ ይጫናል፤ ባለበትም ይዞ ይቀራል። ዳገት በጠመዝማዛ መንገድ ስንወጣ የሚቀለን በዚሁ ምክንያት ነው እኮ። ተዳፋቱ እጅግ ከለሰለሰ ደግሞ ሽብልቁ ይረዝማል፤ ለቀጭን ሴራሚክና ለወፍራም ድንጋይ አንዱ አይበቃም።

ወደ ኋላ እንዳያፈገፍግ ጀርባው ላይ ጥርስ ይወጣለታል። ጥርሱም ልክ አለው። በዚያ በረጅሙ ሽብልቅ ላይ ጥርሶቹ በ5 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ፣ እያንዳንዱ ጥርስ ግማሽ ሚሊ ይጫናል። ጥርሱ ደቀቅ ካለ ሥራውም ጠራ ይላል። የሆዱ መካከል ጎድጎድ ያለ ቢሆን መልካም ነው፤ ከመጋጠሚያው የሚወጣው ቡኮ እዚያ ይገባል፤ ሽብልቁም ተንጋዶ አይቀመጥም። ጫፉ ሹል ሳይሆን ክብ ይሁን፤ ሹሉ የሴራሚኩን ጠርዝ ይነክሳል።

አንድ ችግር ግን ይቀራል። ሽብልቅ ሲገፋ ሴራሚኩንም ይዞ መሄድ ይፈልጋል። መጋጠሚያው አንድ ቦታ ይሰፋል፤ ሌላ ቦታ ይጠባል። መፍትሔው ጉጠት ነው። የጉጠቱ አንዱ መንጋጋ የክሊፑን አንገት ይደገፋል፤ ሌላው የሽብልቁን ጀርባ ይገፋል። ግፊቱ በሁለቱ መካከል ስለሚያልቅ ሴራሚኩ ባለበት ይቆያል። ሶሌታ ሲሞላ ከባሕር ዛፉ ድጋፍ ሥር ሁለት ሽብልቅ ፊት ለፊት ሲገፋፉ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ከእንጨት እንሥራው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ለሶሌታ ድጋፍ ጥሩ ነው። ለሴራሚክ ግን ደረቅ እንጨት ከቡኮው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ልኩን ያጣል። እኔ አልመክረውም።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። ሽብልቅ ቡኮን አይተካም። ከሴራሚኩ ሥር ባዶ ቦታ ካለ፣ ሽብልቁ ላዩን እኩል አድርጎ ያሳያችኋል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ክሊፑ ሲነሣ ሴራሚኩ ይላቀቃል፤ ከባድ ዕቃ ሲያርፍበትም ይሰነጠቃል። በጣታችሁ አንኳኩት፤ እንደ ከበሮ ከጮኸ ባዶ ነው። በግድግዳ ላይ ነገሩ ይብሳል። የአምቦ ድንጋይ ወይም እምነ በረድ የምትለጥፉ ሰዎች፣ ሽብልቅ ፊቱን ያስተካክላል እንጂ ክብደቱን አይሸከምም። ከፍ ብሎ ለሚለጠፍ ከባድ ድንጋይ ከግድግዳው ጋር የሚያያዝ ብረት ያስፈልጋል። ከሥሩ ሰው ያልፋልና!

ክሊፑ የሚነሣው ቡኮው ሲደርቅ ነው። ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ይሆናል። ለገዳዲ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ ናት። በብርድ ሲሚንቶ ይዘገያል፤ በክረምት አንድ ቀን ጨምሩ። ከዚያ በጎማ መዶሻ በመጋጠሚያው መሥመር አቅጣጫ ምቱት፤ አንገቱ ይሰበራል፤ እግሩ ከሥር ይቀራል። መሥመሩን አቋርጣችሁ ከመታችሁ ግን ጠርዙ ሊፈርስ ይችላል። ሽብልቁ አይጣልም። እጠቡትና ለሌላ ቤት ይሆናል። የደረቀ ሲሚንቶ የያዘ ሽብልቅ ልኩ ተበላሽቷል።

በሉ አሁን እርሳስና ማስመሪያ አንሡ። አንድ ሽብልቅ 9 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ቀጭኑ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 1 ሴንቲ ሲገፋ ስንት ሚሊ ይጫናል? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያ በየሥራ ቦታችሁ ያለውን ሽብልቅ ለኩና ከጎኑ ጻፉት።